ዱባው ላይ የጻፍኩት

ነሐሴ 6

ጥፋተኛዋ ታናሽ እህቴ ናት። ሌላ ሰው የለበትም። መጀመሪያ ይህ ይጻፍ።

ቀኑ ተራ ቀን ነበር። ጠዋት አንሶላ አጠብኩ። ጓሮ ወርጄ ዱባዎቹን አየሁ፤ ጡጫ ጡጫ አክለዋል። ከሰዓት በኋላ የትምህርት ቤቱን ገጽ አነበብኩ... ጣቴን ሳላስቀድም፣ በዓይኔ ብቻ። መምህሩ በዕድሜ ልጄ ይሆናል። «እማማ፣ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ይጻፉ፤ ማንም አያየውም፣ እኔም አላየውም» ብሎ ይህን ደብተር ሰጠኝ። የማታ ትምህርት መግባቴን ቤተሰቤ አያውቅም። ምን ብዬ ልንገራቸው? በስተርጅና ሀ ሁ ጀመርኩ ብዬ?

ከዚያ ስልኩ ጮኸ። እህቴ ናት። የምትደውለው ከመድኃኒት ቤቷ ነው፤ ከኋላዋ የሚያስል ሰው ይሰማል።

«እትዬ፣ ለዘንድሮው የቤተሰብ ቀን ጣፋጩን ከኬክ ቤት እንዘዝ ብለናል።»

«ብለናል የምትይው ከማን ጋር ነው?»

«ከጋሼ ጋር።» ታላቅ ወንድማችንን ማለቷ ነው።

«የኔ ኬክ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም። ትደክሚያለሽ ብለን ነው።»

ትደክሚያለሽ! ዝናቡ አባርቶ፣ ብርዱ ሳይከፋ፣ ቤተሰቡ በየዓመቱ ወንድሜ ቤት ሲሰበሰብ የዱባውን ኬክ የምጋግር እኔ። የዱባውን ብስኩት የምጠፈጥፍ እኔ። ከእናታችን እጅ የደረሰኝ እሱ ብቻ ነው። ለእሷ ትምህርት ቤት ደረሳት፣ ለኔ ምድጃ። አሁን ደግሞ ምድጃውን...

ስልኩን ዘጋሁና ምስማር ይዤ ጓሮ ወረድኩ። እናታችን ዱባው ገና ለጋ ሳለ ልጣጩን በምስማር ትጭር ነበር። ጭረቱ ጠባሳ ሆኖ ከዱባው ጋር ያድጋል። ፊደል ስለማታውቅ ለወንድሜ መስመር፣ ለእህቴ ክብ ታደርጋለች። የማን ዱባ እንደሆነ በዚያ ይታወቃል፤ የየሰው ዱባ በየሰው ስም ይጋገራል። ዘንድሮ እኔ በፊደል ጻፍኩ። ለታላቅ ወንድሜ «ሾፌር»፤ ዕድሜውን አውቶቡስ ሲነዳ ነው የፈጀው። ለሚስቱ «ሳቂታ»። ለልጅ ልጆቹ ሁሉ በአንድ ላይ «ጩጬዎች»። ለእህቴ...

ለእህቴ «ሆዳም» ብዬ ጻፍኩ።

እስከ ዛሬ ከጻፍኩት ሁሉ የሚያምረው እሱ ነው።

ነሐሴ 19

ዝናብ። ጭረቶቹ ነጭ ቅርፊት አወጡ። «ሆዳም» ከሌሎቹ ቀድሞ እየሰባ ነው። ይስባ።

መስከረም 11

ወንድሜ ደወለ። «እህት ዓለም፣ የኬክ ቤቱን ነገር ሰማሽ አይደል?»

«ከእሷ ጋር ሆነህ ወስነህ የለ እንዴ?»

«እኔ እሺ አልኩ እንጂ መች ወሰንኩ። ያንቺን ነው የምፈልገው። እንዳትነግሪያት ግን።»

«ራስህ አትነግራትም?»

«እሷን? የደም ግፊት ክኒኔን የምትሰጠኝ እሷ ናት። ብትቀይርብኝስ?»

ሳቅኩ። ሳልፈልግ ነው የሳቅኩት። «ትጋግራለች ብለህ ንገራት። ማንም ፈቀደ ማንም ከለከለ፣ ዘንድሮም እጋግራለሁ» አልኩት። ትልቅ ሰው ሆኖ ታናሹን ይፈራል። ግን እኮ ልጅ ሆነንም እንዲሁ ነበር።

መስከረም 22

ክፍል ውስጥ መምህሩ «ለምትወዱት ሰው አንድ ቃል ጻፉ» አለን። አጠገቤ የሚቀመጠው ሥጋ ሻጭ «ለሚስቴ» ብሎ ጀምሮ ላብ አጠመቀው። እኔ እጄን አጣምሬ ተቀመጥኩ።

«እማማ፣ እርስዎስ?»

«እኔ ጽፌያለሁ።»

«የት አለ?»

«ጓሮዬ። ዱባ ላይ።»

ክፍሉ ሳቀ። ለምትወዱት ሰው ነበር ያለው ለካ። ቤት ስደርስ ነው ትዝ ያለኝ።

መስከረም 30

ዱባ ሰበሰብኩ። «ሾፌር» ከሥሩ በስብሷል። ለወንድሜ ብነግረው «ጎማዬ ተነፈሰ በይኛ!» አለ። «ጩጬዎች»ን ቀንድ አውጣ ቦርቡሮታል። «ሳቂታ» ደህና ናት፣ ግን ትንሽ ናት። «ሆዳም» ግን... ጉድ ነው! የመቀመጫ ዱካ ያህላል። ብቻዬን ማንሳት አቃተኝ። ጎረቤቴ አናጢው በጋሪ ገፍቶ አስገባልኝ። ጎንበስ ብሎ አነበበው።

«እማማ፣ ይሄ ማንን ነው?»

«ዱባውን ነው።»

ፊደሎቹ እያንዳንዳቸው ከአውራ ጣቴ ይወፍራሉ። ያን ጊዜ ከሽንብራ አይበልጡም ነበር። እኔ ውሃ ብቻ ነው ያጠጣሁት... ሌላ ምን አደረግሁ?

ጥቅምት 5

ዱባ ከተለቀመ በኋላ አልጋ ሥር መተኛት አለበት። የእናታችን ሕግ ነው፤ ሲያድር ይጣፍጣል። እኔና እህቴ በአንድ አልጋ ነበር የምንተኛው፣ ከሥራችን ዱባ ሞልቶ። ትፈራ ነበር። «እትዬ፣ ዱባው ይተነፍሳል» ብላ እጄን ይዛ ነው እንቅልፍ የሚወስዳት። ለምን አሁን ትዝ አለኝ?

«ሆዳም» አልጋ ሥር አልገባ አለ። ጥግ አስቀመጥኩት፣ ጽሑፉን ወደ ግድግዳ አዙሬ።

ለሙከራ ከ«ሳቂታ» ኬክ ጋገርኩ። ከመጽሔት ላይ የቆረጥኩትን አሠራር ዘርግቼ እያነበብኩ። ከላይ እስከ ታች አነበብኩት! ማንንም ሳልጠይቅ። በንባቡ ደስ ብሎኝ የተቀቀለውን ዱባ በጨርቅ ማጥለል ረሳሁ። ውሃ የያዘ ዱባ ኬክ አይሆንም፤ ይህን በእንቅልፌም አውቀዋለሁ። ኬኩ መሐሉ ስምጥ አለ፣ ሰው እንደተቀመጠበት ትራስ። ይኸው መማር!

የሰመጠውን በማንኪያ እየጠረግሁ በላሁት። ምድጃው አጠገብ ቆሜ።

«ሳቂታ»ም አለቀች። የቀረኝ «ሆዳም» ብቻ ነው።

ጥቅምት 12

ደወለች።

«ትጋግሪያለሽ አሉ።»

«እጋግራለሁ።»

«እንግዲያው ቅዳሜ መጥቼ አግዝሻለሁ፤ እሑድ አብረን ይዘነው እንሄዳለን። ሚዛኔንም አመጣለሁ» አለች።

«የምን ሚዛን? ኬክ ክኒን ነው እንዴ? የኔ ሚዛን እጄ ነው።»

«እጅሽማ ሁልጊዜ ለስኳሩ ያደላል።»

እውነቷን ነው። ግን አልነገርኳትም።

ቅዳሜ! ዱባውን ምን ላድርገው?

ጥቅምት 14

ጽሑፉን በቢላ ፋቅኩት። ባሰበት። ቆዳው እንጨት ሆኗል፤ የፋቅኩበት ሁሉ ነጥቶ ቃሉ አሁን ከመንገድ ማዶ ይነበባል። የጫማ ቀለም ልቀባው አሰብኩ... ሰው የሚበላውን ነገር? ሌላ ዱባ ልገዛ ገበያ ወጣሁ። አንዱን አንኳኳሁት፤ እንደ እርጥብ ግድግዳ ነው ድምፁ። ሌላውም ያው። ቤት ተመልሼ የኔን አንኳኳሁት። ከበሮ! እንዲህ ያለ ዱባ በሕይወቴ አብቅዬ አላውቅም። ከሰው ሁሉ ስም መርጦ በእሷ ላይ...

ነገ ማልጄ እልጠዋለሁ። እስክትደርስ ቆራርጬ ድስት ውስጥ ከጨመርኩት ማን ያነበዋል?

ጥቅምት 15

ቀደመችኝ።

ቢላዬን እየሳልኩ ነው በሩ የተንኳኳው። ትናንት ጽሑፉን ለመፋቅ ዱባውን ወደ ውጭ አዙሬው እንደዚያው ትቼዋለሁ። ሻርፔን አውልቄ ዱባው ላይ ጣል አደረግሁ። ገባች። በአንድ እጇ ሚዛን፣ በሌላው ቅቤና ክሬም። ፀጉሯን ቀለም መቀባት ትታለች፤ ሽበቷ የእናታችን ነው።

«ምነው እትዬ፣ እንግዳ አለሽ እንዴ?» አለችኝ፣ ሻርፕ ለብሶ ጥግ የተቀመጠውን እያየች።

«ዱባ ነው።»

«በርዶት ነው?»

«አዎ፣ በርዶት ነው። ምን አገባሽ?»

እየሳቀች ሄዳ ሻርፑን ገፈፈችው።

አነበበች። እኔ ምድጃውን ማየት ጀመርኩ። ምድጃው ላይ ምንም የሚታይ ነገር አልነበረም።

«ይሄን... ማን ጻፈው?»

ቢላዬን አንሥቼ መሳል ቀጠልኩ።

«እትዬ! ማን ነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ።»

«አንቺ? አንቺ ጻፍሽ?»

«አዎ፣ እኔ! ላንቺ ነው! የኬክ ቤቱን ወሬ የነገርሽኝ ቀን ነው። ተናድጄ ነበር። ግን አስቤበት ነው የጻፍኩት!»

ትጮሃለች ብዬ ጠበቅኩ። ቦርሳዋን አንሥታ ትወጣለች ብዬም ጠበቅኩ። ወንበር ስባ ተቀመጠች። ጣቷን በፊደሎቹ ላይ አስኬደች... ሆ... ዳ... ም... ልክ እኔ ክፍል ውስጥ መጀመሪያ እንደማደርገው። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቀሰች ብዬ ደነገጥኩ። ሳቅ ነው! ሳቁ አላቆም አላት፤ መነጽሯን አወለቀች፣ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

«መጻፍ ተማርሽ! ሳትነግሪኝ! መጀመሪያ የጻፍሽልኝ ቃል ደግሞ... ሆዳም!»

«ሌላም የምጽፈው ነበረኝ። ዱባው ያኔ ትንሽ ነበር፣ ቦታ አልበቃኝም።»

ይባስ ሳቀች። ከንፈሬን ነከስኩ። አልሆነልኝም። ሁለት አሮጊቶች ዱባ ፊት ተቀምጠን ሆዳችንን ይዘን... አናጢው በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ «ሰላም ነው?» እስኪለን ድረስ።

«ልጣጩ አይጣልም» አለች። «አናቱን እንደ ክዳን ቆርጠን ሥጋውን ከውስጥ እንፈልፍለው። ብስኩቱ የሚቀርበው በዚህ ነው።»

«ሰው ፊት? ይሄ ተጽፎበት?»

«ሰው ፊት።»

ሁለታችንም ክንዳችንን እስከ ክርናችን ዱባው ውስጥ ከትተን በማንኪያ ፈለፈልን። ፍሬው በጣቶቻችን መሐል ያሟልጫል። ቀቀልነው፤ በጨርቅ ቋጥረን ቧንቧው ላይ ሰቀልነው፤ ብርቱካንማ ውሃው ጠብ ጠብ እያለ ወረደ። ይህን ጊዜ ማጥለሉን አልረሳሁም። ዱቄቱን በጭብጤ ስዘግን ጭብጤን ሚዛን ላይ አስቀመጠችው።

«ይሄኛው ጭብጥ ከቅድሙ ወፍሯል።»

«ቅድም ርቦኝ ነበር።»

ቀረፋውን እኔ፣ ዝንጅብሉን እኔ። ዱቄቱንና ስኳሩን እሷ። በእሷ ሚዛን የተሠራው ኬክ አልሰመጠም። ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ብሎ ተነፋ። ይህም ይጻፍ።

ብስኩቱን እየጠፈጠፍን ሳለ ይህን ደብተር ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አየችው። «ይሄም ያንቺ ነው?» ብላ እጇን ዘረጋች።

«እጅሽ ዱቄት ነው። አትንኪው፣ ታቆሽሺብኛለሽ።»

ከአፌ አመለጠኝ። አስቤው አልነበረም። ትምህርት ቤት የገባች ሰሞን ነው፤ ሊጥ እያቦካሁ የደብተሯን ሥዕል ልይ ስል ይህንኑ ነበር ያለችኝ። ቃል በቃል። እኔ እስከ ዛሬ ይዤው ኖርኩ። እሷ ረስታዋለች ብዬ ነበር።

እጇ አየር ላይ ቀረ። አልረሳችውም።

«ሕፃን ነበርኩ እኮ፣ እትዬ።»

«እኔም ሕፃን ነበርኩ።»

እጇን ታጠበች። ደብተሩን ግን አልነካችውም። የማጥለያውን ጨርቅ አጥባ፣ ጨምቃ፣ አሰጣችው።

ልትሄድ ስትል በር ላይ ቆመች።

«ከኬክ ቤት እንዘዝ ያልኩት ትደክሚያለሽ ብዬ አልነበረም።»

«እና ለምን ነበር?»

«በየዓመቱ እኛ ማዕድ ላይ ስንቀመጥ አንቺ ኩሽና በር ላይ ቆመሽ ነው የምትበዪው። ሳህንሽን በእጅሽ ይዘሽ። አንድ ቀን አጠገቤ ተቀምጠሽ በልተሽ አታውቂም። ጣፋጩ ከውጭ ቢመጣ ትቀመጫለሽ ብዬ ነው።»

«ማን ያሳልፋል ታዲያ?»

«እኔ እጅ የለኝም?»

መናገሩን ትችልበታለች፤ ተምራለች። እስቲ እናያለን አልኩ በልቤ።

ጥቅምት 16

ተመለስኩ። እግሬ ሳይሆን ጉንጬ ነው የደከመው፣ ከሳቅ። አንድ ብስኩት አልተረፈም። ነገ እጽፈዋለሁ።

ጥቅምት 17

ወንድሜ ነው ዱባውን ታቅፎ ጠረጴዛው መሐል ያስቀመጠው፤ ብስኩቱ እስከ አፉ ተከምሮበት። መነጽሩን አደረገ። ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ፌርማታ እንደሚጠራ ሁሉ «ሆዳም!» ብሎ አነበበ። «ይሄ ለማን ነው?»

እኔ ወደ ኩሽና ለመሸሽ ተነሣሁ።

እህቴ እጇን አወጣች፣ እንደ ተማሪ። «ለኔ ነው። እትዬ ናት የጻፈችልኝ፣ በገዛ እጇ።»

«በማን እጅ?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ወንድሜ መነጽሩን አወለቀ፤ መልሶ አደረገ።

«አንቺ... ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጋቢት።»

ሁለት ብስኩት አንሥቶ ባንድ ጊዜ አፉ ውስጥ ከተተ፤ ፊቱን ለመደበቅ ነው፣ አውቀዋለሁ። ሲውጥ ጉሮሮውን ጠራረገና «እንግዲህ የኔው ዱባ በስብሷል፤ ሆዳም ከሚለው ጋር ደርቡኝ» አለ።

«እኔንም!» አለች ሚስቱ፣ ሳቂታዋ።

«እኔንም! እኔንም!» ጩጬዎቹ ጠረጴዛው ላይ ሊወጡ ምንም አልቀራቸው።

እህቴ ትከሻዬን ይዛ መልሳ አስቀመጠችኝ። መሐል ላይ፣ በወንድሜና በሚስቱ መካከል። እሷ አሳለፈች። ሾርባ ደፋች። ሹካ ረሳች። ክሬሙን ከሳህን ይልቅ ለጠረጴዛው ልብስ አበላችው። ከዚያ ሳህኗን ይዛ ሄዳ ኩሽና በር ላይ ቆመች። በኔ ቦታ። ቆማ መብላት ጀመረች።

እኔ እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ቀና አልኩ። እና አየሁ... ከበሩ ላይ የማየው ሁልጊዜ ጀርባ ነበር። የወንድሜ መላጣ፣ የሚስቱ ሹሩባ፣ የልጆቹ ማጅራት። ከወንበር ላይ ግን ፊት ነው! ወንድሜ ኬኩን ሲቀምስ ዓይኑን ይጨፍናል። ሚስቱ የመጨረሻዋን ጉርሻ አስቀርታ ትጠብቃታለች። ትንሿ ልጅ ከሁሉ አስቀድማ ፍርፋሪውን ነው የምትለቅመው። ይህን ሁሉ ዓመት ጋግሬ፣ ሲበሉት አይቼ አላውቅም ለካ።

«ነይ ተቀመጪ» አልኳት።

«አንቺ ስንት ዘመን ቆምሽ? እኔም ትንሽ ልቁም።»

«ማሳለፍሽን አየነው፣ ይበቃል። ነይ እዚህ፣ አንቺ ሆዳም!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። መጣች። ሌላ ወንበር ስላልነበረ ተጠጋሁላት፤ አንዱን ወንበር እኩል ተካፈልነው። ሰው ሁሉ ሲያወራ፣ በጠረጴዛው ሥር እጄን ያዘች። ዱባው ይተነፍሳል ብላ እንደምትፈራው ጊዜ።

ልጣጩን በጋዜጣ ጠቅልላ ወሰደችው። አድርቃ መድኃኒት ቤቷ መደርደሪያ ላይ ልታስቀምጠው።

«ደንበኞችሽ ምን ይላሉ?»

«ለስኳር በሽተኞች ማስጠንቀቂያ ነው እላቸዋለሁ።»

ዛሬ ጠዋት የመጀመሪያውን ገጽ ገልጬ አነበብኩ። ጥፋተኛዋ ታናሽ እህቴ ናት ይላል። አልሰረዝኩትም። ትምህርት ቤት የሄደችው እሷ ናት፣ የቀረሁት እኔ ነኝ፤ ያ በኬክ አይካካስም። ግን ከዚያ ሻዬንና ከትናንት በቦርሳዬ የደበቅኳትን ቁራሽ ኬክ ይዤ ምድጃው አጠገብ እንደልማዴ ቆምኩ... ቆሜ አሰብኩ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ብቻዬን ነበርኩ፣ የሚያየኝ አልነበረም።

ከእንግዲህ ቆሜ አልበላም።